ባለ ፎቶ የወር ካላንደር በጂምፕ፦ መጀመሪያ ሰንጠረዡ፣ ከዚያ ፎቶው

ካላንደር ለመሥራት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከፎቶው ነው። የሚያምር ፎቶ ይመርጣል፣ ገጹን በእሱ ይሞላል፣ ቀኖቹን ደግሞ በተረፈው ቦታ ለመጨማመቅ ይታገላል። እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነበር፤ የወጣው ሰንጠረዥ በየወሩ ቦታውንና መጠኑን የሚቀያይር ሆነ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር ሲገለጥ ግን ዓይን ቀኑን የሚፈልገው ባለፈው ወር ባገኘበት ስፍራ ነው። ስለዚህ አሠራሩን ገለበጥኩት፦ ሰንጠረዡን አንድ ጊዜ በልክ ሠርቼ እቆልፈዋለሁ፣ 12ቱም ፎቶዎች ለእሱ ይታዘዛሉ።

የተጠቀምኩት ጂምፕ የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው፤ በነጻ ይገኛል፣ ለዚህ ሥራም ምንም አይጎድለውም። ልኬቶቹ በፎቶሾፕም ሆነ በሌላ ሌየር (እንደ ግልጽ ወረቀት አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረብ ንብርብር) ባለው ፕሮግራም ያው ናቸው።

ገጹ ኤ4 ቁም ነው። በ300 ፒፒአይ፣ ማለት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል፣ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። ፎቶው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነ ግን በአራቱም በኩል 3 ሚሊ ሜትር ለመቁረጫ መጨመር ግድ ነው፤ ይህ 36 ፒክስል ያህል ስለሆነ ሸራውን 2552 በ3580 አድርጌ ከፈትኩ። ይህ ትርፍ ከሌለ የመቁረጫው ምላጭ ትንሽ ሲዛነፍ በገጹ ዳር ነጭ መስመር ይቀራል። ሪዞሉሽኑን 300 ማድረግ የሚሻለው አዲስ ፋይል ሲከፈት፣ በዝርዝር አማራጮቹ ውስጥ ነው። በ72 ተጀምሮ መጨረሻ ላይ የተለጠጠ ፋይል ፊደሎቹ ሁሉ ይደበዝዛሉ።

ሰባቱ ዓምዶች እኩል እንዲሆኑ ስፋቱ ለ7 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ከ2480 ላይ በግራና በቀኝ 155 ሲቀነስ 2170 ይቀራል፤ ለ7 ሲካፈል 310 ይደርሳል። ኅዳጉን በደፍኑ 150 ብታደርጉት እያንዳንዱ ዓምድ 311 ከምናምን ስለሚሆን መስመሮቹ በግማሽ ፒክስል ላይ ወድቀው አንዱ ደማቅ፣ ሌላው ፈዛዛ ሆነው ይታያሉ። ቁመቱን የከፈልኩት እንዲህ ነው፦ ለፎቶው 1780፣ ለወሩ ስም 250፣ ለዕለታቱ ስሞች 110፣ ለስድስቱ ረድፎች እያንዳንዳቸው 200፣ ከግርጌ 168። ድምሩ 3508 ይመጣል። የመቁረጫው 36 ሲታከልበት ቋሚ ጋይዶቹ (ስክሪን ላይ ብቻ የሚታዩት፣ የማይታተሙት መሪ መስመሮች) 191 ላይ ጀምረው በየ310ው እስከ 2361 ይሄዳሉ፤ አግድሞቹ 1816፣ 2066፣ 2176፣ ከዚያም በየ200ው እስከ 3376 ድረስ ናቸው። ጋይዱን በአይጥ እየጎተትኩ አላስቀመጥኩትም፤ ኢሜጅ ሜኑ ውስጥ ባለው አዲስ ጋይድ በሚለው ትእዛዝ ቁጥሩን በቀጥታ ጻፍኩት። በዓይን ግምት የተቀመጠ ጋይድ ሁለት ሦስት ፒክስል መሳቱ አይቀርም።

ረድፎቹ ለምን ስድስት ሆኑ? አብዛኞቹ ወሮች በአምስት ረድፍ ያልቃሉ። ባለ 31 ቀን ወር ከስድስተኛው ወይም ከሰባተኛው ዓምድ ሲጀምር፣ ባለ 30 ቀን ወርም ከሰባተኛው ሲጀምር ግን ስድስተኛ ረድፍ ያስፈልጋል። አንዳንድ ካላንደሮች ይህን ለማምለጥ 23ንና 30ን አንድ ሳጥን ውስጥ አጣብቀው ያስገባሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ ቀኑ ቶሎ አይታይም፣ ማስታወሻ መጻፊያ ቦታም አይኖረውም። ስድስተኛው ረድፍ በማያስፈልግበት ወር ባዶውን ይቆይ፤ ሰው ማስታወሻ ይጽፍበታል።

ብዙ ጊዜ የሚበላው የቀኖቹ አጻጻፍ ነው። እያንዳንዱን ቁጥር በየራሱ የጽሑፍ ሌየር መጻፍ በዓመት ከ360 በላይ ሌየር ማለት ነው፤ ፋይሉ ይከብዳል፣ አንዱ ቁጥር ከመስመር ቢወጣም ማን እንደሆነ ለማግኘት ያስቸግራል። እኔ ለእያንዳንዱ ዓምድ አንድ የጽሑፍ ሌየር ብቻ አደረግሁ። በዓምዱ ሁለት ጋይዶች መካከል 310 ስፋት ያለው ቋሚ የጽሑፍ ሳጥን ስዬ፣ አሰላለፉን መሐል አድርጌ፣ 3፣ 10፣ 17፣ 24፣ 31 እያልኩ በየመስመሩ ጻፍኩ። የፊደሉ መጠን 110 ፒክስል ነው፤ ታትሞ ሲወጣ አሃዙ 6 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ቁመት ስለሚኖረው ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ይነበባል። ከዚያ በመስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት እያስተካከሉ ከአንዱ ቁጥር እስከ ቀጣዩ ልክ 200 ፒክስል ማድረስ ነው። ፎንቱ በራሱ የሚይዘው ከፍታ ስላለ የሚጨመረው ቁጥር ከፎንት ፎንት ይለያያል። እዚህ ላይ የሚያሳስተው የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ረድፍ ብቻ አይቶ ልክ ነው ማለት ነው። በአንድ መስመር የ2 ፒክስል ስሕተት ስድስተኛው ረድፍ ላይ 10 ይደርሳል፤ ሁልጊዜ የምለካው ከታችኛው ቁጥር ነው።

የወሩ መጀመሪያ ሳምንት ባዶ በሆነባቸው ዓምዶች ላይ ከላይ ባዶ መስመር አላስገባም። ባዶው መስመር ቁጥር ካለባቸው መስመሮች የተለየ ከፍታ ሊይዝና ዓምዱን በሙሉ ሊያዛባ ይችላል። ሌየሩን በ200 ፒክስል ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው እጅግ ደስ የሚለኝ ክፍል ነው። አንድ ወር ሊጀምር የሚችለው ከሰባቱ ዕለታት በአንዱ ነው። ስለዚህ ሰባት የሌየር ግሩፖች ሠራሁ፤ እያንዳንዱ በአንዱ ዕለት የሚጀምር ሙሉ የ31 ቀን ወር ነው። በጠቅላላው 49 የጽሑፍ ሌየሮች ናቸው። የትኛውም ወር ከእነዚህ የአንዱ ቅጂ ነው፤ ወሩ 30 ወይም 28 ቀን ከሆነ ከመጨረሻው ትርፉን መሰረዝ ብቻ ነው። ቀጣዩ ወር የትኛውን ግሩፕ እንደሚወስድ ለማወቅም ቀላል ሒሳብ ይበቃል፦ ከ31 ቀን ወር በኋላ ሦስት ዕለት ወደፊት፣ ከ30 ቀን በኋላ ሁለት፣ ከ29 በኋላ አንድ፣ ከ28 በኋላ እዚያው። ወሮቹ ሁሉ 30 ቀን በሆኑበት አቆጣጠር ደግሞ ሰባቱም ግሩፖች በየተራ ይደርሳቸውና ስምንተኛው ወር አንደኛው በጀመረበት ዕለት ይጀምራል። ሰባቱ ግሩፖች አንዴ ከተሠሩ ለሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያ ወዲያ ላለውም ያገለግላሉ።

ስለ ፎንት ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለኝ። ብዙዎቹ ጌጠኛ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ጂምፕ ያጣውን ፊደል ከሌላ ፎንት ስለሚበደር ፎንቱን ስትቀያይሩ አሃዞቹ ይለዋወጣሉ፣ «ማክሰኞ» ግን ያው ሆኖ ይቀራል፤ የዚህ ምክንያቱ ይኸው ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና የኖቶ ኢትዮፒክ ፎንቶች በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ ኖቶ ከስስ እስከ ወፍራም ብዙ ውፍረት ስላለው ለካላንደር ይመቻል። የላቲን ፊደል የሚጠቀሙ ዲዛይነሮች ርእሱን በትልልቅ ፊደል ብቻ በመጻፍ ያጎሉታል፤ እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን የወሩን ስም የምናጎላው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ነው። እኔ ለወሩ ስም 170፣ ለዕለታቱ 56 ፒክስል ሰጥቻለሁ። ዕለታቱን ከዚህ ብዙ ባታሳንሷቸው ጥሩ ነው። የግዕዝ ፊደልን ድምፅ የሚለየው ትንሿ ቅጥያ ናት፤ «ሙ»ን ከ«ሚ» የሚለየው አንድ ጭረት ነው። ነጭ ጽሑፍ በጥቁር መደብ ላይ ሲታተም ቀለሙ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺው ጭረት ናት። ስለዚህ በጥቁር ላይ ነጭ ሲሆን ወፍራሙን እመርጣለሁ። ጥላ መጨመር ካስፈለገም ፈቀቅታውን 4፣ ድብዛዜውን 12፣ ጥንካሬውን 40 በመቶ ላይ አቆማለሁ። ከዚህ በላይ ሲሆን ፊደሉ ያበጠ ይመስላል።

ለአሃዞቹም አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እንደ ጆርጂያ ያሉ ፎንቶች 3ን፣ 4ን፣ 5ን፣ 7ንና 9ን ከመስመር በታች ያወርዷቸዋል። በአንቀጽ ውስጥ ያምራል፣ በሰንጠረዥ ውስጥ ግን ረድፉ የተናጋ ያስመስላል።

ፎቶው አሁን ይግባ። ቦታው በስፋት 2552 ፒክስል ይፈልጋል። 4000 በ3000 የሆነ የስልክ ፎቶ በደንብ ይበቃል። በመልእክት መተግበሪያ የተላከ ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ ተጨምቆ ረጅሙ ጎኑ 1600 ገደማ ይሆናል። ያንን ገጹ ላይ ስትዘረጉት ወደ 190 ፒፒአይ ይወርዳል፤ ለሰማይና ለደመና ይቻላል፣ ለሰው ፊት ግን አይበቃም። ዋናውን ፋይል ጠይቁ። ፎቶውን ከሰንጠረዡ በታች ባለ ሌየር አስገብቼ፣ ሌየር ማስክ (የሌየሩን ክፍል ሳይቆርጥ የሚደብቅ መሸፈኛ) ጨምሬ፣ ከ1816ኛው መስመር በታች ያለውን በጥቁር ደብቄዋለሁ። ፎቶው ስላልተቆረጠ በፈለግሁ ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅሰዋለሁ፤ ማስኩ አብሮት ስለሚሄድ ከዚያ በኋላ ማስኩን እንደገና እሞላዋለሁ። ገጹ ከላይ በሽቦ የሚጠረዝ ከሆነ የላይኛው 12 ሚሊ ሜትር፣ ማለት 140 ፒክስል ያህል፣ ፊትም ጽሑፍም አይግባበት፤ የጥርዙ ቀዳዳ ይበሳዋል።

ፎቶው ሙሉ ገጹን እንዲሸፍን የሚፈልግ ሰው ከሰንጠረዡ ሥር 80 በመቶ ጥንካሬ ያለው ነጭ ሳጥን ያስቀምጥ፤ ከሳጥኑ ሥር ያለውን የፎቶ ክፍልም በጋውሲያን ብለር 40 ያህል ያደብዝዘው። ነጩ ብቻውን አይበቃም፤ ቅጠልና ቅርንጫፍ በሳጥኑ ውስጥ እየታዩ ከቁጥሮቹ ጋር ይጣላሉ።

ለሰንጠረዡ ዙሪያ ጌጥ 62 ፒክስል የሆነ አንድ ጥለት ስዬ ደጋገምኩት። በአግድም ልክ 35 ጊዜ ይገባል። በቁመት ከዕለታቱ ረድፍ ጋር 1310 ስለሆነ 21 ጊዜ ገብቶ 8 ፒክስል ይተርፋል። መጨረሻ ላይ የተቆረጠ ጥለት ከማስገባት 21ዱን አንድ ላይ አጣብቆ 1310 ላይ መለጠጥ ይሻላል፤ አንድ በመቶ እንኳ ስለማይሞላ ዓይን አያውቀውም። ማዕዘኖቹን ለብቻ ሣልኳቸው። የሳጥኖቹን መስመር ደግሞ በ1 ፒክስል አትሥሩት፤ ስክሪን ላይ ያምራል፣ ኅትመት ላይ ይቆራረጣል። 3 ፒክስል፣ መካከለኛ ግራጫ።

ስክሪን የራሱ ብርሃን ስላለው ፎቶ ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ሌቭልስ በሚባለው የብርሃን ማስተካከያ የመካከለኛውን ተንሸራታች ከ1.0 ወደ 1.15 ገደማ ከፍ አደረግሁት። የሚያበራ ሰማያዊና አረንጓዴም በቀለም ማተሚያ ይፈዝዛል፤ ለወሩ ስም እንዲህ ያለ ቀለም ያልመረጥኩት ለዚህ ነው።

ዋናውን ሌየሮቹን በሚጠብቀው በጂምፕ የራሱ ፎርማት፣ በኤክስሲኤፍ፣ አስቀምጬ ለማተሚያ በፒዲኤፍ ወይም በፒኤንጂ አወጣለሁ። ጄፔግ በፊደሎቹ ዙሪያ ጉድፍ ይተዋል። ወረቀቱን ባለ 200 ግራም ማት መርጫለሁ፤ አንጸባራቂው ፎቶውን ያደምቀዋል፣ እስክሪብቶ ግን አይቀበልም።

ሁሉንም ከማሳተሜ በፊት አንዱን ገጽ በተራ ወረቀት አትሜ በማስመሪያ ለካሁ። አንዱ ዓምድ 26 ሚሊ ሜትር ከሩብ፣ አንዱ ረድፍ 17 ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ሰንጠረዡ ከዳር እስከ ዳር 184 ሊሞላ ጥቂት የቀረው መሆን አለበት። ካነሰ ማተሚያው ገጹን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት አሳንሶታል፤ መጠኑን 100 በመቶ አድርጎ እንደገና ማተም ነው። ከዚያ 12ቱን ገጾች ደርድሬ የአንዱን ወር መጨረሻ ቀን ከቀጣዩ ወር 1 ጋር አስተያየሁ፦ አንዱ ረቡዕ ካለቀ ሌላው ሐሙስ መጀመር አለበት። ይህን ለሌላ ሰውም ሰጥቼ አስቆጠርኩ፤ ቁጥሮቹን የጻፈ ዓይን የራሱን ስሕተት ያልፈዋል።