መደቡ አይፈርስም

በፈረንጆቹ 2020 መሥሪያ ቤታችን ሲዘጋ ሥራዬን ይዤ ወደ ቤዝመንት ወረድሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ ከቤት ማሞቂያው አጠገብ፣ በመስኮቷ የመንገደኛ ጫማ ብቻ የሚታይባት ክፍል። የአንድ ትንሽ ድርጅት ሂሳብ ነው የምሠራው። ሌሎቹ ሲመለሱ እኔ እዚያው ቀረሁ። ጠዋት ወርጄ ማታ እስክወጣ ከስክሪን ውጭ የሰው ፊት ሳላይ የዋልሁበትን ቀን ቁጥሩን አላውቀውም።

ዘንድሮ አለቃዬ አምስት ወር ከጎንደር እንድሠራ ፈቀደችልኝና ከፋሲካ በኋላ መጣሁ። የእናቴ ቤት ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ነው፤ አባቴ ያሠራው የጭቃ ቤት። የዳሩን ክፍል ለቀቀችልኝ። የቢሮዬን ፕላን ገና ሜሪላንድ ሳለሁ ነድፌው ነበር፦ 1 ሜትር ከ60 ጠረጴዛ በመስኮቱ ሥር፣ መደርደሪያ፣ የሚዘጋ በር። በመስኮቱ ሥር ግን መደብ አለ፤ አባቴ በገዛ እጁ መርጎ የሠራው።

አናጢው ሜትሩን ዘርግቶ ለካና ቀና አለ። «ልጄ፣ ይኸ ከፈረሰ እንግዳ የት ይቀመጣል?»

«ጋሼ፣ ይኸ እኮ ቢሮ ነው። እንግዳ አይገባበትም።»

እናቴን አያት። እሷም «አንች እንዳልሽ ይሁን» ብላ ወጣች። «አይሆንም» ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጠዋት መደቡ አይፈርስም አልኋቸው፤ ጠረጴዛው ወደ 1 ሜትር ከ20 አጠረ፣ ከመስኮቱም ወደ ጎን ሄደ።

ስለ ጠረጴዛው ከፍታ አናጢው ያደረጉትን ልንገራችሁ። ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ትከሻሽን ጣል አድርጊ አሉኝ፤ ክንዴን አጥፈው ከወለሉ እስከ ክርኔ ለኩ። 66 ሳንቲም። የምግብ ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ 75 አካባቢ ነው። ለስድስት ዓመት ትከሻዬን ሰቅዬ የሠራሁት ለካ ቁመቴን ባልጠበቀ ጠረጴዛ ነው! የአንገቴን ሕመም ለሐኪም ሳመላልሰው ማንም ጠረጴዛሽ ስንት ነው ብሎኝ አያውቅም። ስክሪኑንም የላይኛው ጠርዙ ከዓይኔ ትይዩ እስኪሆን በጣውላ ከፍ አደረግነው።

የኤሌክትሪኩ ነገር አስደንግጦኛል። ከአሜሪካ ያመጣሁትን የሶኬት ማከፋፈያ በአዳፕተር ሰካሁት፤ ጧ ብሎ ጨሰ። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ተጽፎ ስለነበር ሁሉም እንደዚያ መስሎኝ ነው። ማከፋፈያው ግን ለ125 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ሶኬት 220 ይሰጣል። አዳፕተር የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። ዕቃ ጭናችሁ የምትመጡ ሁሉ እባካችሁ ጀርባውን አንብቡ። ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ አዲስ መስመር ዘረጋ፣ ኧርዚንግም (ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን) ቀበረ፤ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ አልነበረውም።

መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ሶኬት ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ኢንቨርተር ገዛሁ። እዚህ ላይ የሂሳብ ሠራተኛነቴ ጠቀመኝ። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ፣ ማለትም ከ600 በላይ አይወሰድበትም። ላፕቶፑ 60፣ ስክሪኑ 25፣ ራውተሩ 10፣ አምፖሉ 9፤ መቶ ዋት ገደማ። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ሲቀነስ አምስት ሰዓት ግድም ነው። የሥራ ቀኔ ስምንት ነው። መብራት ሲጠፋ ትልቁን ስክሪን ቶሎ አጠፋለሁ።

ያልጠበቅሁት ፀሐይዋን ነው። መስኮቱ ወደ ሰሜን ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሜሪላንድ በሰሜን መስኮት ፀሐይ ብዙም አትገባም፣ ለስክሪን ይመቻል ይባላል። ጎንደር ግን ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው የምትርቀው፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታልፋለች። ግንቦት ላይ ልክ ሥራ ስጀምር በሰያፍ ገብታ ስክሪኑን ታበራብኝ ነበር። እናቴ አሮጌ ነጠላ አጥፋ ሰቀለችበት። ብርሃኑ እንደ ወተት ለስልሶ ገባ።

ሥራ የምጀምረው ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ በዚህ ወቅት በእኛና በሜሪላንድ መካከል ሰባት ሰዓት ልዩነት ስላለ እስከ ሌሊቱ ስድስት እቆያለሁ። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡም ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። የጭቃው ግድግዳ ወፍራም ነው፣ የመንገድ ድምፅ አያሳልፍም፤ ቆርቆሮው ግን ስብሰባውን ሁሉ ይውጠዋል። ኮርኒሱ ብዙም አልረዳኝም። አፍ ላይ የሚጠጋ ማይክ ገዛሁና ዝናብ ሲወርድ በጽሑፍ እመልሳለሁ።

መደቡ ላይ እናቴ አጎዛ አነጠፈች። መጀመሪያ ቡና ልትሰጠኝ ገባች፤ ሌላ ቀን ደግሞ ጥጧንና እንዝርቷን ይዛ መጣች። ስናገር ጆሮ ማዳመጫዬን አይታ ዝም ትላለች። ጎረቤት ሲመጣም «ሥራ ላይ ናት» ብላ በሹክሹክታ አጠገቧ ታስቀምጣለች። እንዝርት ድምፅ የለውም። ቁጥሩ ዓይኔን ሲያደክመኝ ዞር እላለሁ፤ ፈትሉ ይረዝማል፣ ይጠቀለላል። ማታ ራት ሳልበላ እንዳልቀር የምታስታውሰኝም ከዚያው ሆና ነው። አንዳንድ ሌሊት ኮምፒውተሬን ስዘጋ ከቀሃ ኢየሱስ የማኅሌት ከበሮ ይሰማል፤ እሷ መደቡ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ እንቅልፍ ወስዷታል።

በመስከረም እመለሳለሁ። ባለፈው ሳምንት የቤዝመንቱን ፎቶ አውጥቼ ለአናጢው አሳየኋቸው፤ በማሞቂያውና በጠረጴዛው መካከል ምን ያህል ቦታ እንዳለ ጠየቁኝ። ጓደኛዬን ደውዬ አስለካሁ፦ 1 ሜትር ከ10።

«ሁለት ሰው ያስቀምጣል» አሉኝ።