ለደሴ ፒያሳ የግራንት ብር ስለመጠየቅ፣ እስካሁን የገባኝን ልንገራችሁ

ሰላም ናችሁ ወገን። ሰሞኑን የፒያሳና የአራዳ ነጋዴዎች፣ ነዋሪዎችም አሉበት፣ ተሰባስበን የደሴን መሀል ከተማ ለማደስ የግራንት፣ ማለትም የማይመለስ የድጋፍ ብር፣ ማመልከቻ እያዘጋጀን ነው፣ እና በመንገድም በቴሌግራምም ሰው "ብሩን የሚሰጠው ማነው፣ ለኛስ ሰፈር እንዴት ነው የሚጠየቀው" እያለ ይጠይቀኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ የገባኝን ሁሉ እዚህ ላስቀምጠው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ያዙና አንብቡት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንግባባ፣ ትልቁ ብር በኔም ባንተም ስም አይመጣም። ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ የውጭ ድርጅት ይመጣል፣ ፕሮፖዛል ያያል፣ ብር ይሰጣል ብሎ ነው። የመንገዱና የቦዩ ብር ግን የሚመጣው በከተማው አስተዳደር በኩል ነው። ለምሳሌ ከዓለም ባንክ ጋር የተሰራውን የከተሞች ፕሮግራም እዩት፣ በ2000 ዓ.ም በ19 ከተሞች ተጀመረ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ያኔም ነበሩበት፣ በ2006 ወደ 44 ከተማ አደገ፣ በ2010 ደግሞ ዩአይአይዲፒ በሚል ስም 117 ከተማ ታቀፈበት፣ ባንኩ የመደበው 600 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በሰፈራችሁ የረገጣችሁት ኮብልስቶን ወይ የምትሻገሩት ቦይ ከዚህ ብር የተሰራ ሊሆን ይችላል።

አሰራሩ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ወደፊት የሚመጣውም ፕሮግራም ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ከተማው በየዓመቱ ይገመገማል። ሂሳቡ በጊዜው ኦዲት ተደርጓል ወይ፣ የግዢ እቅድ አለው ወይ፣ የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ፕላን ማለትም ሲአይፒ የሚሉትን አዘጋጅቷል ወይ፣ እቅዱ ሲዘጋጅ ነዋሪው ተሳትፏል ወይ፣ ቅሬታ የሚቀበል አካል አለ ወይ፣ እነዚህ ሁሉ ይታያሉ፣ ውጤቱም የሚለቀቀውን ብር ይወስናል። እና ይሄ ለኛ ምን ማለት ነው፣ ማዘጋጃው ሂሳቡን አዘግይቶ ኦዲት ካስደረገ የሚጎዳው የኔ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ቦይ ነው። ነጋዴ ሆኖ ስለ ከተማው ኦዲት የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላየሁም፣ መጠየቅ ግን አለብን፣ መብታችንም ነው፣ ብራችንም ነው።

ሲአይፒው ውስጥ ያልገባን ፕሮጀክት እንደሌለ ቁጠሩት፣ የቱንም ያህል አስፈላጊ ቢሆን። የሚገባው ደግሞ በየቀበሌው የሕዝብ ስብሰባ ተነስቶ፣ በቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ቅደም ተከተል ወጥቶለት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄያችሁ ግንቦት ላይ ከደረሰ ረፍዷል፣ በበጋው ነው መንቀሳቀስ። ችግሩ ስብሰባ ሲጠራ የፒያሳ ነጋዴ ሱቅ ዘግቶ አይሄድም፣ እዛ ያለው ጥቂት ሰው ያነሳው ሀሳብ የሁላችን ሆኖ ይጻፋል። እኔ እንደማምነው ለዚህ መፍትሄው ቅሬያችን፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ነው። የወሎ ሰው ከቅሬ አይቀርም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ የቅሬው ዳኛ ደግሞ እያንዳንዱን ቤት ያውቃል፣ ማን ታመመ ማን ቸገረው ያውቃል። ስለዚ የከተማው ስብሰባ ከመድረሱ በፊት በየቅሬው ጉዳዩ ይነገር፣ ከየቅሬው ሁለት ሦስት ሰው ይወከል፣ ሴቶች ይኑሩበት፣ እነሱ ሄደው ይናገሩ። አሁን የያዝነው ይሄን ነው፣ እስካሁን ያየሁትም ሰው ጥሩ እየመጣ ነው አልሐምዱሊላህ።

እሺ፣ ምን ይጠየቃል? የዩአይአይዲፒ አይነት ብር ለመንገድ፣ ለድልድይ፣ ለጎርፍ መውረጃ፣ ለቆሻሻ አያያዝ፣ ለገበያ ቦታ፣ ለሼድ፣ ለመናፈሻና አረንጓዴ ቦታ የሚሆን ነው። የግል ቤት ግድግዳ ቀለም ወይ የሱቅ በር ማሳመሪያ እዛ ውስጥ የለም። እኔ በግሌ ከሁሉ በፊት ቦይ ነው የምለው። ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፣ ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ውሃ ወደ ቦርከና ወንዝ ለመድረስ በኛ መሀል ነው የሚያልፈው፣ ቦዩ በላስቲክና በአፈር ሲደፈን ውሃው መንገዱ ላይ ይወጣል፣ ከመንገዱ ወደ ሱቅ ይገባል። መሬታችን ደግሞ የሚንሸራተት መሬት ነው፣ ውሃውን ካላስተካከልክ ከላዩ የምታነጥፈው ድንጋይ ሁለት ክረምት አይሻገርም። አሁን የኮሪደር ልማቱ መጥቶ መንገድ እየሰፋ መብራት እየተተከለ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሲገባ ያለው ቦይ ከዋናው ጋር ካልተያያዘ ነገርየው ግማሽ ነው፣ የኛ ማመልከቻ ይሄን የውስጥ ለውስጡን ነው የሚይዘው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ፣ ቤቶቹ። ፒያሳ ላይ ያሉት አሮጌ ቤቶች፣ ከጣሊያን ጊዜ የቀሩትም ከዛ በኋላ የተሰሩትም፣ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ናቸው። ይሄ ከአዋጅ 47/1967 የመጣ ነው፣ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት በነዋሪው ማህበር በኋላም በቀበሌ ስር ሆኑ። ከዛ ወዲህ ተከራዩ ይኖርበታል ወይ ይሰራበታል፣ ባለቤቱ መንግሥት ነው፣ ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ለጥገና የሚተርፍ የለም፣ ተከራዩም የራሱ ስላልሆነ ብር አያፈስበትም። ቤቱ ያረጃል። ግራንት ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ "የይዞታ ማስረጃ አምጡ" ነው። የማን ማስረጃ?

ፒያሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ አባት አሉ፣ እሳቸውን ሳናግር እንዲህ አሉኝ፣ "ልጄ፣ ጣራው ሲያፈስ ላስቲክ እወጥራለሁ፣ ቆርቆሮውን ልለውጥ ስል በማን ፈቃድ ይሉኛል፣ ፈቃድ ልጠይቅ ስሄድ ደግሞ ነገ ና።" "አብሽሩ አባባ፣ ደብዳቤውን በጋራ ነው የምንጠይቀው" አልኳቸው። ይሄን ያልኩት ለማጽናናት ብቻ አይደለም፣ በእውነትም መንገዱ እሱ ነው። አንድ ተከራይ ለብቻው ሲጠይቅ ጉዳዩ የአንድ ሰው ጣራ ነው፣ በአንድ መስመር ያሉ ተከራዮች ሁሉ ፈርመው ከከተማው ጋር ስምምነት ሲጠይቁ ግን ጉዳዩ የመሀል ከተማው ይሆናል። ስምምነቱ ውስጥ እኛ እንዲጻፍ የምንፈልገው ግልጽ ነው፣ ቤቱ ታድሶ ሲያልቅ ያው ተከራይ ተመልሶ ይገባል፣ ኪራዩም ለተወሰነ ዓመት አይናርም። ይሄ ሳይጻፍ እድሳት ከተጀመረ ቤቱ ይቆነጃል፣ ልብስ ሰፊው ግን ይወጣል፣ እኔ እንደዛ ላለ እድሳት አልፈርምም።

ስለ ጉልት ሻጮቹም እንደዛው። ቦይ ሲቆፈር መጀመሪያ የሚነሱት መሬት ላይ ተቀምጠው ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡት እናቶች ናቸው፣ የእለት ጉርሳቸው እሱ ነው። በዓለም ባንክ ብር የሚሰራ ስራ በሰው ኑሮ ላይ የሚያመጣውን ጉዳት አስቀድሞ ማጥናትና መፍትሄ ማስቀመጥ ግዴታው ነው፣ ስለዚ ማመልከቻው ላይ ጊዜያዊ መሸጫ ቦታ ከነ ወጪው ይግባ። እነሱን ሳታናግር የሚጻፍ ፕሮፖዛል ግምገማ ላይም ይወድቃል፣ ባይወድቅም ልክ አይደለም።

ቅርስ የሆኑትስ? የንጉሥ ሚካኤል መርሆ ግቢና አይጠየፍ አዳራሽ፣ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረው ሙዚየማችን፣ እነዚህ በሌላ መንገድ ነው የሚኬድባቸው። በአዋጅ 209/1992 መሰረት ቅርስ የሆነ ህንጻን ለመጠገንም ለማደስም ከቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱ ሳይኖር ለማንም ዶነር ማመልከት ድካም ነው። ሙዚየሙ በ2014 ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ህዳር መጨረሻ ከተማችን በተያዘችበት ጊዜ ተዘርፏል፣ ያን ያየ ሰው አይረሳውም። በጦርነት የተጎዳ ቅርስ ላይ የሚሰራ አሊፍ የሚባል መቀመጫው ጄኔቫ የሆነ ፋውንዴሽን አለ፣ በፈረንጆች 2017 የተቋቋመ፣ ለአስቸኳይ ጥበቃም ለረጅም ጊዜ ፕሮጀክትም ማመልከቻ ይቀበላል። ሌላው ደግሞ ዓለም ባንክ በሚያዝያ 2014 በጦርነት ለተጎዱ አካባቢዎች ያጸደቀው 300 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ አማራ ክልልም አለበት፣ ይሄ ብድር ሳይሆን ግራንት ነው፣ ግን ለመሰረታዊ አገልግሎትና ለማህበረሰብ ነው እንጂ ለፒያሳ ህንጻ አይደለም፣ ስለዚ ሁሉንም ብር ለአንድ ነገር አትቁጠሩት፣ እያንዳንዱ የተቆረጠለት ስራ አለው።

አንድ አሜሪካ ያለ የሰፈራችን ልጅ የኒውዮርክ ስቴትን መመሪያ ልኮልኝ ነበር። እዛ በፈረንጆች 2016 የጀመረ የመሀል ከተማ ማነቃቂያ ፕሮግራም አለ፣ ስቴቱ በ10 አካባቢ ተከፍሎ ከተሞቹ ይወዳደራሉ፣ ሲጀመር ያሸነፈ ከተማ 10 ሚሊዮን ዶላር ነበር የሚያገኘው። ሲያሸንፉም ግን ብሩ ወዲያው እጃቸው አይገባም፣ የአካባቢው ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቁሞ የኢንቨስትመንት እቅድ ያወጣል፣ ስቴቱ ከዛ ውስጥ ፕሮጀክት ይመርጣል። ሁለት ነገር ጠቀመኝ። አንደኛው ወሰን ነው፣ መሀል ከተማህ የታመቀ፣ በእግር የሚዞር፣ ድንበሩ የታወቀ መሆን አለበት ይላል። እኛ ጋ ይሄ ክርክር አስነስቶ ነበር፣ ግማሹ ሰኞ ገበያም ሸዋ በርም ይግባ ይላል፣ ሁሉም የራሱን ሰፈር ቢወድ አይፈረድበትም፣ እኔ ግን ትንሽ ቦታ ይዘን እሱን አጥርተን እንስራ ነው የምለው፣ ሲሰራ ያየ ሰፈር በሚቀጥለው ዙር ይጠይቃል። ሁለተኛው የብሩ አለቃቀቅ ነው፣ እዛ ለሱቅ ፊት እድሳት የሚሰጠውን ብር ባለቤቱ መጀመሪያ ከራሱ አውጥቶ ይሰራል፣ ደረሰኝ አቅርቦ ነው የሚመለስለት። ይሄ ለኛ ነጋዴ አይሆንም፣ ያ ሁሉ ብር ከየት ይመጣል፣ ስለዚ በየደረጃው የሚለቀቅ ክፍያ እንዲሆን ከመጀመሪያው እየጠየቅን ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ሰው የሚደክመው በመግቢያው ነው። "ደሴ ጥንታዊት፣ ታሪካዊት፣ የፍቅር ከተማ" እያለ ሁለት ገጽ ይሞላል። እኔም ከተማዬን እወዳለሁ፣ ገምጋሚው ግን የሚፈልገው ማስረጃ ነው፣ በዚህ መስመር ስንት ሱቅ አለ፣ ስንቱ ተዘግቷል፣ በገበያ ቀንና በአዘቦት ቀን ስንት ሰው ያልፋል፣ ክረምት ውሃ የገባባቸው ሱቆች የትኞቹ ናቸው፣ ምን ያህል እቃ ተበላሸባቸው። ይሄን ቆጥሮ የሚሰጠን የለም፣ ራሳችን ነን የምንቆጥረው። ኮሌጅ ያሉ የሰፈር ልጆች በር ለበር እየሄዱ እየጻፉ ነው፣ እያንዳንዱን ቦይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከአንድ ቦታ ቆመው ፎቶ ያነሳሉ፣ ቀኑ እንዲታይ አድርገው። እንደዚህ አይነት ፎቶ ከመግቢያው ሁሉ ይበልጣል፣ ስራው ሲያልቅም ለውጡን የምናሳየው በሱ ነው።

በጀቱ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብረቱም ቀለሙም ዋጋው የት እንደደረሰ የምታውቁት ነው፣ በዛ ላይ መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶ አይገባም። የዛሬ ዓመት የተሰራ የዋጋ ዝርዝር ይዛችሁ አትሂዱ፣ መሀንዲስ አዲስ ይስራላችሁ፣ መጠባበቂያ ይኑረው፣ የኛ መዋጮም ይጻፍ፣ ጉልበቱም አሸዋውም በብር ተተምኖ። ማህበር አቋቁማችሁ በራሳችሁ ስም ከሌላ ለጋሽ ልትጠይቁ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ 1113/2011 ነው የምትመዘገቡት፣ የአስተዳደር ወጪያችሁ ከ20 በመቶ መብለጥ አይችልም፣ ይሄን እያሰባችሁ ደሞዝና ቢሮ አስቡ። እና ከተሰራ በኋላ ቦዩን ማን ይጠርገዋል የሚለው ከነ ስሙ ይጻፍ፣ እኛ ጋ በየመስመሩ ያሉ ሱቆች በወር እያዋጡ ሊያስጠርጉት ተስማምተዋል።

አሁን የቀረን የድሮ ፎቶ ነው። የፒያሳና የአራዳ ቤቶች መጀመሪያ ምን ይመስሉ እንደነበር፣ በረንዳቸው፣ መስኮታቸው፣ ቀለማቸው፣ ይሄን ለመሀንዲሱ ማሳየት አለብን። ቤታችሁ አልበም ውስጥ የአባታችሁ የእናታችሁ የሰርግ ይሁን የበዓል ፎቶ ካለ፣ ከኋላቸው ሱቅ ወይ መንገድ የሚታይበት፣ በስልክ አንሱትና የተነሳበትን ዓመትና ቦታ ጽፋችሁ በየቅሬያችሁ ለተወከሉት ስጡልን። ደሴ የሌላችሁም አዲስ አበባ፣ ጅዳ፣ ዱባይ ያላችሁ የሰፈር ልጆች ቤተሰብ ደውላችሁ አስፈልጉልን። ዝርዝሩን ከበጋው ስብሰባ በፊት መጨረስ እንፈልጋለን።