የመጋቢት ዝናብ

ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ አለና ዝም። ሰማዩ ግን እንደከበደው ነው፣ እኔም እንደዚያው። የተቀመጥኩት ስልኩን ሳላነሣ ስለቀረሁበት ቀን ልጽፍ ነበር። ያቺ ጠብታ ግን ሐሳቤን ወሰደችው።

የአዲስ አበባን ክረምት ማንም ያውቀዋል። በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ይህ ሦስት እጅ ቢከፈል ሁለቱ እጅና ከዚያም በላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ያልቃል። ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው 250 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያወርዳሉ። ያን ጊዜ የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ወጥቷል፤ ከአትላንቲክና ከኮንጎ በኩል የሚመጣው እርጥብ ነፋስ በየቀኑ ይደርሳል። ጠዋት ፀሐይ፣ ስድስት ሰዓት ላይ እንጦጦ ደመናውን ይከናነባል፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ይወርዳል። ጃንጥላ ያልያዘ የራሱ ጥፋት ነው። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይባላል እንጂ፣ ከነሐሴ 13 በኋላም የዝናብ መለኪያው ገና ይሞላል። አባባሉን ያወጣው ሰው ስለ ብርሃኑ ይሆናል የተናገረው።

በጋውም ግልጽ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ ነፋስ ይመጣል፤ ኅዳር ከ10 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም።

አስቸጋሪው በልግ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚመጣው እርጥበት በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ነው፤ ዝናብ የሚሆነው ደግሞ ከሰሜን የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር ሲገጥመው ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ ሰማዩ ሲያጉረመርም ውሎ ይመሻል። ስለዚህ የመጋቢት አማካይ የሚባለው ቁጥር አይረዳኝም። አንዱ ዓመት ደርቆ፣ ሌላው ዓመት በሦስት ቀን ወርዶ፣ ተደምሮ ሲካፈል በየትኛውም ዓመት ያልዘነበ ዝናብ ይወጣል። የሐምሌ አማካይ ሐምሌን ይመስላል፤ የመጋቢት አማካይ ግን ማንንም አይመስልም።

ጣራ ላይ ሲሰላ ይበልጥ ይታያል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ፣ በየመንገዱ የሚባክነው አንድ አምስተኛ ተቀንሶ፣ በሐምሌ 8,000 ሊትር ይሰጣል፤ 400 ጀሪካን መሆኑ ነው። በኅዳር 16 ጀሪካን። በበልግ ደግሞ አንድ ከሰዓት የጣለ 25 ሚሊ ሜትር ብቻውን 800 ሊትር ያመጣል፣ አሸንዳው ከተቀበለው። አይቀበለውም። አራት ወር ሙሉ የባሕር ዛፍ ቅጠልና አቧራ ሲጠራቀምበት ከርሟል። ሰው አሸንዳ የሚጠርገው ለሰኔ ነው፤ መጠረግ ያለበት ግን ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ከተጠረገም በኋላ የመጀመሪያውን ዝናብ ወደ ሮቶ አታስገቡ። ለ40 ካሬ ሜትር ጣራ ከ20 እስከ 40 ሊትር ይፍሰስ፤ የወፍ ኩስና የበጋ ትቢያ ነው።

መለኪያም ከባድ ነገር አይደለም። ጎኑ ቀጥ ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱ ሥር ተቆርጦ፣ አንገቱ ተገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ ይገጠምበታል። ቂጡ ጎርባጣ ስለሆነ በጠጠር ይደለደላል፤ ከጠጠሩ በላይ ውሃ ይጨመርና እዚያ ላይ ዜሮ ይሰመራል። ጎኑ ቀጥ ካላለ ውሃውን በሚሊ ሊትር ለክቶ በአፉ ስፋት (በካሬ ሴንቲ ሜትር) ማካፈል ነው፣ የሚወጣው በሴንቲ ሜትር ነው፤ ከአፍ እስከ አፍ 9 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 127 ሚሊ ሊትር ማለት 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። በረዶ ከጣለ ራሱ እስኪቀልጥ ይጠበቃል፤ የሞቀ ውሃ የሚጨምር ሰው የጨመረውን ለክቶ መቀነስ አለበት። ንባቡ ሁልጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ። እንግዲህ የዝናብ ቀን ጠዋት ተጀምሮ ጠዋት ያልቃል፣ እንደኛ ሰዓት አቆጣጠር ማለት ይቻላል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዋናው ግን ቦታው ነው። ከግንብም ከዛፍም ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ያህል ይራቅ። ከጣራ ጠርዝ ሥር የተቀመጠ መለኪያ የሚለካው ቤቱን ነው።

የእኔ ዛሬ 4 ሚሊ ሜትር ይላል። ደብተሬ ላይ ጽፌው ስነሣ ነው ያየሁት፤ ቁሞ የዋለው ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ነው። ጠዋት ያጠብኩት አንሶላ ደግሞ በደንብ አልተጨመቀም ነበር። ያ 4 ሚሊ ሜትር የሰማይ ነው የአንሶላ?