ድምፁ ጨመረ፣ ጉልበቱስ?

ያንን ቀይ ሾጣጣ የአየር ፊልትሮ (ማጣሪያ) ከሞተሬ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ አስወረድኩት። አምስት ወር አብሮኝ ነበር። አራዳ ካለ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ስገዛው ሻጩ «ይህን ካሰርክ ዳገት የሚባል ነገር ትረሳለህ» አለኝ። አመንኩት፤ ለማመን የሚያስገድድ ችግርም ነበረብኝ።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። የክትባት ሳጥን ከኋላ አስሬ ከጎንደር ወደ ወገራ ገጠር እመላለሳለሁ። ያንን መውጫ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከተማውን ለቀው ወደ ኮሶዬ ሲያቀኑ መንገዱ ፋታ አይሰጥም። 150 ሲሲዋ ሞተሬ ሦስተኛ ማርሽ ላይ እያቃሰተች ስትወጣ እኔም አብሬያት አቃስታለሁ። ክትባቱ በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለበት። ገበሬው ከብቶቹን በማለዳ ከግጦሽ አስቀርቶ ይጠብቀኛል። «ዶክተር፣ ዛሬም ረፈደ» ሲሉኝ ውስጤን ያመኛል፤ ቀናቸውን ሰጥተውኛልና።

ሾጣጣውን ያሰርኩ ዕለት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የፋብሪካውን የስፖንጅ ፊልትሮ የያዘውን የፕላስቲክ የአየር ሳጥን አውጥቼ፣ ሾጣጣውን በቀጥታ አየርና ቤንዚን በሚቀላቅለው በካርቡራተሩ አፍ ላይ አሰርኩት። ጋዝ ስሰጣት ከጉልበቴ ሥር ታገሳለች። ኮሶዬን በአንድ ትንፋሽ የወጣሁ መሰለኝ። ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼም እንዲሁ አወራሁ፤ ከመካከላቸው አንድ ወጣት «እኔም ልግዛ» አለ።

ነገር ግን የምደርስበት ሰዓት አልተለወጠም። ይህ ይከነክነኝ ጀመር። ድምፁ እንዲህ ከጨመረ ሰዓቱ ለምን አይቀንስም?

ስለዚህ ኮሶዬ ዳገት ላይ ሁለት ኩርባዎች መርጬ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ያው ጭነት፣ ያው ማርሽ። በሾጣጣው ሦስት ጊዜ ወጣሁ፤ አማካዩ 1 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ሆነ። መንገድ ዳር ቆሜ የድሮውን ሳጥን መለስኩ፤ ስፖንጁን ማታውኑ አጥቤ አድርቄው ነበር። ሦስት ጊዜ፤ 1 ደቂቃ ከ48። አንዲት ሰከንድ! ነፋስ ከፊት ቢመጣ እንኳ ከዚያ በላይ ይለውጣል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። መጀመሪያ ሾጣጣውን ሳስር ያወዳደርኩት ንጹሑን አዲስ ፊልትሮ የበጋ አቧራ ከደፈነው ስፖንጅ ጋር ነበር። የታፈነ ሰው አፍንጫው ሲከፈት እንዴት እንደሚሆን አስቡት። ስፖንጁን ብቻ ባጥበው ኖሮ ያው ለውጥ ይሰማኝ ነበር።

ያቺ አንዲት ሰከንድ ግን አታለለችኝና ሾጣጣውን መልሼ አሰርኩ። እውነቱን ያሳየኝ ቆላው ነው።

ለክትባት ዘመቻ ወደ መተማ ወረድን። ከ2,100 ሜትር በላይ ከሆነው ከጎንደር ወደ 700 ሜትር አካባቢ መውረድ ማለት ነው። ሞተሬ እንደ ወትሮዋ አልሆነችም። ጋዝ ስሰጣት ለቅጽበት ታንቃ ትዘገያለች፤ ስለቅቃት ማርሚታው ውስጥ ጧ ጧ ይላል። ጋዝ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ ዙሯ (ሚኒሞዋ) አልረጋ አለ። እግሬን የሚያቃጥል ሙቀት ትለቃለች። ሸዲ አጠገብ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆሜ እስክትበርድ ስጠብቅ፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ክትባት እያሳሰበኝ፣ ያን ሻጭ ሳይሆን ራሱን ጥያቄውን ማሰብ ጀመርኩ፤ ሞተር አየር የሚያጥረው በእውነት በፊልትሮው ምክንያት ነው?

ስመለስ አዘዞ መንገድ ላይ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድኩ። ምንም ሳይጠይቁኝ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈቱ። ጫፉ ነጭ ሆኗል። «አየህ ልጄ፣ ቤንዚን አጥሯት ነድዳለች። ደኅና ስትሠራ የተቆላ ቡና ቀለም ይኖረዋል፤ ቤንዚን ሲበዛባት ደግሞ ጥላሸት ይለብሳል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጎንደር ላይ እኮ ደኅና ነበረች» አልኳቸው።

ከዚያ ያስረዱኝን ቤት ገብቼ በደብተሬ አሰላሁት። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለአንድ ግራም 14.7 ግራም አየር ይፈልጋል። የካርቡራተሩ ቤንዚን ማሳለፊያ፣ ያቺ ቀዳዳዋ በጣም ጠባብ የሆነች የናስ ጄት፣ ፋብሪካው የመጠናት ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ጎንደር ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ደባርቅ ሲደርሱ ጉድለቱ ወደ ሠላሳ በመቶ ይጠጋል። አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ እዚህ ሞተሬ ቤንዚን በዝቶባት ነው የምታቃስተው። ሾጣጣው ያደረገላት ነገር ቢኖር ድብልቁን ማቅጠን ነው፤ ጉልበት አልጨመረላትም። ቆላ ስትወርድ ያው ማቅጠን አቃጠላት።

ስሌቱን ቀጠልኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። የአራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ነው አየር የሚስበው። 150 ሲሲ በደቂቃ 7,500 ዙር ቢዞር ከ560 ሊትር ብዙም አይበልጥም፤ ይህም ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ ነው። ንጹሕ የፋብሪካ ፊልትሮ ይህን ሳይቸገር ያሳልፋል። የሚያጠበው ከፊልትሮው ወዲያ ያለው ነው፤ የካርቡራተሩ ጉሮሮ፣ ቫልቩ፣ ማርሚታው። እነዚያ ካልሰፉ በሩን ማስፋት እልፍኙን አያሰፋም። ባልደረባዬ «ስትሮጥ ነፋሱ ራሱ አየር ይገፋል» ብሎኝ ነበር። አሰላሁት፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢሮጡ እንኳ ነፋሱ የሚጨምረው ግፊት ከግማሽ በመቶ አይበልጥም። እኔ ደግሞ ዳገት ላይ 35 ነው የምሮጠው።

የአየር ሳጥኑንም ባዶ ፕላስቲክ አድርጌ ነበር የማየው። ለካ ካርቡራተሩ ነፋስ ሳይረብሸው እንዲስብ የረጋ አየር የሚያቆይለት እሱ ነው። አየሩንም ከሞተሩ ሙቀት ራቅ ካለ ቦታ ያመጣለታል። አየር በአሥር ዲግሪ ሲሞቅ ሦስት በመቶ ገደማ ይሳሳል። የእኔ ሾጣጣ ከሲሊንደሩ ጀርባ ተለጥፎ የሚስበው ያንኑ ትኩስ አየር ነበር።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን አቧራው ነው። መካኒኩ ካርቡራተሩን ሲፈቱ ጣታቸውን የመግቢያው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ አሹት፤ የዱቄት ያህል የላመ የወገራ መንገድ አፈር ይዞ ወጣ። ሾጣጣው አሳልፎታል። ያ አፈር ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ የፒስተኑን ፋሻ፣ ዙሪያውን የከበበውን ቀለበት፣ እንደ ሞረድ ይበላል። ዘይቴ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚጎድል ያኔ ገባኝ። አምስት ወር! ይህችን ሞተር ለመግዛት ስንት ጊዜ እቁብ እንደጠበቅሁ ሳስብ አንገቴን ደፋሁ።

ፊልትሮ መቀየር በፍጹም ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ካርቡራተሩም ማርሚታውም አብሮ ተቀይሮ፣ ጄቱ ተመጥኖ፣ ለውድድር ለሚነዳት ሰው ሌላ ነው። ለእኔ ዓይነት ሰው፣ ብቻውን የታሰረ ፊልትሮ ድምፅ ነው።

መካኒኩ የድሮውን ሳጥን መለሱልኝ፤ መገጣጠሚያውን ግራሶ ቀቡት። ስፖንጁን በቤንዚን እንዳላጥበው አስጠነቀቁኝ፤ ቤንዚን ይበላዋል። በነጭ ጋዝ፣ ከዚያ በሳሙና ውኃ፣ በጥላ ማድረቅ፣ ዘይት ነካ አድርጎ መጭመቅ። ጄቷንም በአንድ ቁጥር ባነሰች ቀየሩልኝ። የከፈልኩት ለሾጣጣው ካወጣሁት ሩቡን አይሞላም።

ዛሬ ጠዋት እነዚያው ኩርባዎች ላይ ሦስት ጊዜ ወጣሁ፤ 1 ደቂቃ ከ44። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ካንዴላውን ኮሶዬ ላይ ፈትቼ አየሁት፤ ቡናማ ነው።

«እኔም ልግዛ» ያለው ወጣት ማታ ደወለ። ሾጣጣውን ልሸጥለት ጠየቀኝ። አልሸጥልህም አልኩት፤ ይልቅ ስፖንጅህን አጥበህ ቅዳሜ ና፣ ሰዓት እንይዛለን። የድሮዋን ጄት በወረቀት ጠቅልዬ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጫታለሁ። የመተማው ዘመቻ ሁለተኛ ዙር አለ፤ ከመውረዴ በፊት መልሼ እንዳስገባት።