መቶኛው ካርድ፣ ግን አርባዎቹን እንደገና

ባለፈው ቅዳሜ የመቶኛውን ቅርስ መመዝገቢያ ካርድ ሞልቼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን በአንድ አነስተኛ ሙዚየም በበጎ ፈቃድ ያሳለፍኳቸው የሰባት ወር ቅዳሜዎች ናቸው።

አጀማመሬ ለሙዚየም ሥራ ከምትዘጋጁት ከብዙዎቻችሁ አይለይም። ስለ ቅርስ ጥበቃ አነበብኩ፤ ብራናና ጨርቅ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) በላይ ብርሃን ሊያገኛቸው እንደማይገባ ያወቅኩት ያኔ ነው። ብሔራዊ ሙዚየምንና የስድስት ኪሎውን ሙዚየም ደጋግሜ ጎበኘሁ፤ ቅርሱን ትቼ መብራቱንና የመግለጫ ጽሑፉን ማየት ለመድኩ።

ያሰረኝ የዓመተ ምሕረት ነገር ነው። የቆየው መዝገብ ስለ አንድ ከበሮ “ገቢ የሆነው 1972” ይልና ያበቃል። በማን አቆጣጠር? በእኛ ከሆነ ከበሮው የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ በአውሮፓውያን ከሆነ ግን ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ። በስጦታ መጣ፣ ተገዛ ወይስ ተወረሰ የሚለው ጥያቄ ሁሉ በዚህ ላይ ይንጠለጠላል። መዝጋቢዎቹ ተፈራርቀዋል፤ ገሚሱ በአንዱ፣ ገሚሱ በሌላው ጽፏል።

እኔም ጥፋት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን አርባ ካርዶች ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው ብዬ፣ ወደ እኛ ለመለወጥ ስምንት እየቀነስኩ ሞላኋቸው። ግምቱ መሠረት አልነበረውም፤ ስሌቱም ስህተት ነበር፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም ልዩነቱ ሰባት ነውና። ነገሩ የገባኝ የከበሮውን የክፍያ ደረሰኝ ከአንድ አሮጌ ፋይል ውስጥ ሳገኝ ነው፤ “ሐምሌ 1972” ይላል። ተገዝቶ ነው የመጣው፤ ወሩ በእኛ ስም ተጽፏልና ዘመኑም የእኛው ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዴን ቀየርኩ። የወር ስም እፈልጋለሁ፣ የእጅ ጽሑፉን አነጻጽራለሁ፣ ከላይና ከታች ያሉትን ተራ ቁጥሮች አያለሁ። የቀድሞውን ጽሑፍ ፈጽሞ አልነካም፤ እንዳለ ገልብጬ የእኔን ንባብ ከነምክንያቱና ከነቀኑ በእርሳስ አጠገቡ አሰፍራለሁ። ወሩ ካልታወቀ ደግሞ “1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1979/80)” ብሎ መተው እንጂ አንዱን መምረጥ ድፍረት ነው።

መዝገቡን ሳያጠሩ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥን አጥብቄ እቃወማለሁ። ስህተቱ ንጹሕ መልክ ይይዝና ማንም አይጠረጥረውም። ድንቅነሽን ተመልከቱ፦ ኤ.ኤል. 288-1 (ኤ.ኤል. “የአፋር ሥፍራ” ማለት ነው) የሚለው መለያዋ በአፋር የተገኘችበትን ሥፍራ ይነግረናል። ቁጥር እንዲህ ሲናገር ነው ቅርሱ ከታሪኩ የማይለየው።

ለሥራ የምትዘጋጁ ጓደኞቼ፣ አስጎብኚነትን ብቻ አትለማመዱ፤ በደንብ የሞላችሁትን አንድ ካርድ ይዛችሁ ቅረቡ። ብራና ስትነኩም እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ የጥጥ ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፣ የተሰነጠቀ ጠርዝም ይይዛል። ስለ እንጨትና ስለ ብረት ግን ከእኔ ምክር አትጠብቁ፤ ገና አልደረስኩበትም።

ከአርባዎቹ ሃያ ዘጠኙን አርሜያለሁ። ለአሥራ አንዱ ደረሰኝም ደብዳቤም አላገኘሁም፤ የፊታችን ቅዳሜ የምከፍተው ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ ያለውን ያልተነካ ካርቶን ነው።