«ቦነስ ደመወዝ አይደለም»

ፋብሪካችን ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ ይልካል። እኔ ኦቨርሎክ በሚባለው የስፌት ማሽን ላይ ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ ሆኜ ስለተመረጥኩ፣ በደመወዝ ሰሞን ቢሮዬ ሰው አይጠፋም። ቢሮ ስል መጋዘኑ ጥግ ያለችውን፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ የምትይዘውን ክፍል ማለቴ ነው።

አንድ የደመወዝ ማግስት ኮሌታ የምትሰፋ ልጅ መጣች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ስድስት ወሯን ይዛለች። የደመወዝ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመች። መነሻ ደመወዟ ሙሉ ነው፣ ትራንስፖርቱም ሙሉ ነው፤ አቴንዳንስ የሚለው ቦታ ግን ባዶ ነው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አልቀረሁም። የእርግዝና ክትትል ነው የሄድኩት፤ ወረቀቱንም አስገብቻለሁ» አለችኝ።

አቴንዳንስ የምንለው ወሩን ሙሉ ሳይቀር ለሠራ የሚሰጥ ጭማሪ፣ ቦነስ ነው። አንድ ቀን የቀረ የአንድ ቀኑን ብቻ አይደለም የሚቀጣው፤ የወሩን ሙሉ ያጣል። የማሽን ኦፕሬተር ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ የቤት ኪራይ ከየት ተሞልቶ እንደሚከፈልም ያውቃል።

ወረቀቷን ይዤ ወደ ሰው ሀብት ኃላፊው ሄድኩ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ ሕግ የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር መከራከር የሚከብደውም ለዚሁ ነው። «የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 88 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ምርመራ ስትሄድ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል ይላል፤ ማስረጃ እንድታመጣም ይላል፤ አምጥታለች» አልኳቸው።

«ደመወዟ የት ተነካ?» አሉኝና የእጃቸው ላብ ያጠቆረውን የአዋጅ ቅጂ ከመሳቢያ አውጥተው አንቀጽ 53ን አሳዩኝ። እዚያ ላይ ደመወዝ ማለት ምን እንደሆነ ከተተረጎመ በኋላ ደመወዝ የማይባሉት ተዘርዝረዋል፦ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የውሎ አበል፣ ቦነስ። «ይኸው! ቦነስ ደመወዝ አይደለም።»

እውነታቸውን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተናዶ ይወጣል ወይም የሌለ አንቀጽ ይጠቅሳል። ሕጉ የያዘላት መነሻ ደመወዟን ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ማኅበሩና ድርጅቱ በሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ወይም በድርጅቱ ደንብ የሚወሰን ነገር ነው። እኛ ደግሞ የኅብረት ስምምነቱ ሲፈረም ስለ ዓመት ፈቃድና ስለ ደንብ ልብስ ስንጨቃጨቅ ይህችን የቦነስ ነገር ማንም አላነሳትም።

የቀሪ መመዝገቢያውን እንዳየው ጠየቅኳቸው፤ ፈቀዱልኝ። ያላሰብኩትን ሌላ ጉድ ያገኘሁት እዚያ ነው። የልጅቷ የምርመራ ቀን የተመዘገበው በሕመም ፈቃድ ነው፤ የሌሎቹም እንዲሁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ አይደለችም። የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ የሚቆጠር ነው፦ የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ። ነገ ታማ ብትተኛ የምርመራ ቀኖቿ ከዚያው ሙሉ ደመወዝ ከሚከፈልበት ወር ላይ ይቀነሱባታል ማለት ነው። እርግዝና በሽታ አይደለም፤ ለምርመራው የራሱ ፈቃድ አለው። ኃላፊው ይህን ሲሰሙ ወዲያው ጸሐፊዋን ጠርተው እንዲስተካከል አዘዙ።

የቦነሱ ነገር ግን ሒሳብ ፈለገ። ልጅቷን የቀጠሮ ካርዷን እንድታመጣልኝ ጠየቅኳት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 የእርግዝና ክትትል ቢያንስ 8 ጊዜ እንዲሆን መክሯል፤ እኛም አገር የቀድሞው 4 ጊዜ ቀርቶ ወደዚሁ ተሄዷል። ሳምንቶቹ 12፣ 20፣ 26፣ 30፣ 34፣ 36፣ 38 እና 40 ናቸው። ሕጉ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን የወሊድ ፈቃድ ስለሚሰጣት የመጨረሻዎቹ ሦስቱ እቤቷ ሆና የምትሄድባቸው ናቸው። ከሥራ የምትቀርባቸው አምስት ብቻ ናቸው! ፋብሪካው በአንድ እርግዝና የሚያጣው አምስት ቀን፤ ያውም ሙሉ ቀን ከተባለ። እሷ ግን አምስቱ ቀኖች በተለያየ ወር ስለሚውሉ የአምስት ወር አቴንዳንስ ታጣለች። ይህን በወረቀት ጽፌ ከኃላፊዎቹ ጋር ላለን ስብሰባ ወሰድኩት።

በስብሰባው ላይ ነገሩን ያዞሩት ግን የምርት ክፍል ኃላፊዋ ናቸው፤ የእኔ ሒሳብ ያን ያህል አልረዳም። እሳቸውን የሚያስጨንቃቸው ታርጌት፣ መድረስ ያለበት የምርት መጠን ነው። «እነዚህ ልጆች እኮ ቀጠሯቸውን ይደብቁኛል» አሉ። «ቦነሱ እንዳይቀርባቸው አንዳንዷ ጭራሽ አትሄድም፤ አንዳንዷ ደግሞ ሌላ ምክንያት አብጅታ ጠዋት ትደውላለች። ማሽኑ ባዶውን ሲቆም መስመሩ በሙሉ ይታነቃል። የክትትል ቀጠሮ ከሳምንታት በፊት ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ቢነግሩኝ ተተኪ አዘጋጅ ነበር።»

የማትሄደዋን ሲያነሱ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሴቶች ተያየን። በየቀጠሮው ደም ግፊት የሚለካው፣ ሽንት የሚታየው ለወግ አይደለም። ግፊት ነፍሰ ጡርን ምንም ሳያሳምማት ሊጨምር ይችላል፤ ደህና ነኝ ብላ ማሽኗ ላይ የተቀመጠች ሴት ሳትለካ አታውቀውም።

ከዚያ የአቴንዳንስ ደንቡ ራሱ ይታይ ተባለ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቦነስ የማያስቀሩ ቀኖችን ይዘረዝራል፦ የዓመት ፈቃድ፣ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ሕክምና፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ። ስለዚህ «እንደ ተገኘ ይቆጠራል» የሚባል ነገር ለፋብሪካው አዲስ አይደለም። ለፍርድ ቤት የሚሠራው ለጤና ጣቢያ የማይሠራበት ምክንያት ምን እንደሆነ ስንጠይቅ ሰው ሀብት ኃላፊው ሳቁና «ምክንያት የለውም፤ የጻፈው ሰው ወንድ ስለሆነ ይሆናል» አሉ። የጻፉት እሳቸው ናቸው።

ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ በአንቀጽ 88 መሠረት የሚወሰድ የእርግዝና ምርመራ ፈቃድ፣ ማስረጃ እስከቀረበበት ድረስ። በምላሹ ሠራተኛዋ የቀጠሮ ካርዷን ለሱፐርቫይዘሯ ቀድማ ታሳያለች። ካርዱ ውስጥ የምርመራ ውጤት ስላለ ቀኑ የተጻፈበትን ገጽ ብቻ እንድታሳይ ይሁን አልን፤ ይህችኛዋ ክርክር አላስነሳችም።

ያለፈውን ግን አልመለሱም። ደንቡ በጊዜው የነበረ ደንብ ነው ብለው ቆሙ። ኮሌታ ሰፊዋ ልጅ የዚያን ወሩን አላገኘችም፤ ከፍላ ነው ለሌሎቹ ያስከፈተችው። የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ስለሚታገድ፣ ወረቀቷን ይዛ ቶሎ የመጣችው ልጅ ብልህ ነበረች፤ ጥያቄው ያኔ ገና ትኩስ ባይሆን ኖሮ ማንም ጆሮ አይሰጠንም ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን የቀረን የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። ጤና ጣቢያው ቅርብ የሆነላት ሴት እስከ ረፋድ ጨርሳ ትመለሳለች፤ ዘበኛው ግን ከመግቢያ ሰዓት በኋላ አያስገባትም፤ ሱፐርቫይዘሩም ተተኪ መድቤያለሁ ብሎ አይፈልጋትም። ቀኑ እንደ ሙሉ ቀሪ ይመዘገባል። ለሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር ያዘጋጀነው ረቂቅ ላይ ከዓመት ፈቃድ ቀጥሎ አስገብተነዋል።