በልጅግ ወይስ ውጅግራ

ዛሬ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ሐምሌ ጠቁሮ ነው የዋለው። ግን አይዘንብም፣ በረዶም አይጥልም፤ ዝም ብሎ ይከብዳል። እንዲህ ያለ ቅዳሜ ሲመጣ እኔን ታውቁኛላችሁ፤ ቤት አልቀመጥም። የመኪና መጥረጊያ ልገዛ ብዬ ወጣሁ። ያሮጌው ጎማ ተበልቶ መስተዋቱን እየቧጨረ ነው።

የመኪና ዕቃ ከሚሸጠው ሱቅ አጠገብ የጠመንጃ ሱቅ አለ። እዚህ ኮሎራዶ እንዲያ ነው፤ ዳቦ ቤትና ጠመንጃ ቤት ግድግዳ ይጋራሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ባጠገቡ ሳልፍ ቀና ብዬም አላየሁት። ነገር ግን ያ የሥራ ጓደኛዬ፣ ኤልክ የሚሉትን የትልቁን አጋዘን ቋንጣ የሚያበላኝ፣ ዘንድሮ አብረን አደን ካልወጣን ብሎ ይዞኛል። «ያገለገለ ግዛ፣ ለጀማሪ አዲስ ምን ያደርግልሃል» ይላል። እና ገባሁ። እውነቱን ልናገርና፣ የገባሁት ውጭ ስለበረደኝም ነው።

ያገለገሉት ከኋላ ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል። ሻጩ ማዕተቤን አይቶ ይሁን አነጋገሬን ሰምቶ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ምንም ሳይል አንዱን አውርዶ አስያዘኝ።

ብረቱ ላይ አንበሳ አለ። ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳ። ከጎኑ የቤልጅጉ ፋብሪካ ስም፣ ሄርስታል። አያቶቻችን በልጅግ የሚሉት ይኸው ነው። ጃንሆይ ዘውድ በጫኑበት በ1923 ዓ.ም. አካባቢ የቤልጅግ መኮንኖች ክቡር ዘበኛን ሊያሠለጥኑ መጥተው ነበር፤ ይሄም ከዚያ ዘመን ዕቃ አንዱ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአገራችን አሮጌ ጠመንጃ በጅምላ ተገዝቶ ወደዚህ እንደመጣ ሰምቼ ነበር፤ እጄ ላይ ሲያርፍ ግን ሌላ ነገር ነው። አፈሙዙ ላይ የአስመጪው ስም በደቃቅ ፊደል ተመትቶበታል፤ ሕጉ ያስገድዳል። ፓስፖርት ላይ እንደሚመታ የመግቢያ ማኅተም መሰለኝ። እኔ በዲቪ፣ እሱ በኮንቴይነር።

ሰደፉ ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ ተሰፍቷል። ቆዳው ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ደርቆ አንድ ሆኗል። የሰፋው ሰው ወስፌውን እንዴት አድርጎ እንዳሳለፈው እስካሁን አልገባኝም። ሻጩ ዞር ሲል አሸተትኩት። ጭስ ጭስ ይላል ብዬ ነበር፤ የሚሸተው ግን የማሽን ዘይት ብቻ ነው።

ከዚያ ጨዋ ገዢ ለመምሰል ጥያቄ ጀመርኩ። ያ ጓደኛዬ ያስጠናኝን ሁሉ። ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታ ተበልቶ እንደሆነ ባለሙያ ሳይለካው አይተኮስም። የአፈሙዙ ውስጥ ጥርስ በድሮ ዝገት ታሟል። ጥይቱ ስምንት ሚሊሜትር ማውዘር ነው፤ ይገኛል፤ ግን የአሜሪካ ፋብሪካዎች ኃይሉን ቀንሰው ነው የሚሞሉት፤ ከሱ የባሰ አሮጌና ጠባብ አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ የያዘ ሰው እንዳይፈነዳበት። ዋጋው ደግሞ መነጽር ከተገጠመለት ርካሽ አዲስ ጠመንጃ ጋር እኩል ነው። ማንም ባለ አእምሮ አዲሱን ይገዛል።

ወረቀት ሞልቼ፣ ማንነቴ ተጣርቶ፣ ሦስት ቀን ጠብቄ ነው የምረከበው። ከ2023 ወዲህ የኮሎራዶ ሕግ እንዲያ ሆኗል። አደኑ ደግሞ ለብቻው የራሱ ኮርስ፣ የራሱ ፈቃድ፣ ከሩቅ የሚጮህ ብርቱካናማ ልብስ አለው። (አያቴ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ ታየኝና ሳቄ መጣ።)

ይሄን ሁሉ እየሰማሁ ዓይኔ ጥግ ላይ ቆሞ ወደነበረ አንድ ረጅም ነገር ሄደ። የኛዎቹ የፈረንሳዩን «ፉዚ ግራ» ውጅግራ አደረጉት ይባላል። የ1874ቱ ሞዴል፣ 11 ሚሊሜትር፣ አንድ ጥይት የሚጎርስ። ዓድዋ ላይ የተተኮሰበት ዓይነት። ዝገቱ አያድርስ ነው። «ይሄስ ስንት ቀን ያስጠብቃል?» አልኩት። «እሱን ዛሬውኑ ይዘህ መሄድ ትችላለህ። እስከ 1898 የተሠራ ስለሆነ በሕጉ ጠመንጃ አይባልም» አለኝ።

ጠመንጃ አይባልም!

መኪና ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። የአያቴ ምን እንደነበረ አላውቅም። ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ እኛ ከሥሩ እንተኛ ነበር፤ ማታ የምድጃው እሳት ሲወላገድ ብረቱ ላይ ብልጭ ይላል፤ ይሄን አልረሳም። ስሙን ግን የጠየቀ የለም። በልጅግ ይሁን፣ ምንሽር ይሁን።

አጎቴ ጋ ደወልኩ። አገር ቤት ያለው። ሰላምታውን ጨርሰን «የአያቴ ጠመንጃ ምን ዓይነት ነበር?» ስለው መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ቆይቶ «ዝናቡ ዘንድሮ ደህና ነው፣ ጤፉም ደህና ነው» አለኝ። «አይ፣ እኔ የጠየቅሁዎት…» ልል ስል «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» አለ። ያኔ ገባኝ። በዚህ ጊዜ በስልክ፣ ያውም ከውጭ፣ ያውም ወደዚያ አገር ደውሎ ስለ ጠመንጃ የሚጠይቅ እንደኔ ያለ ጅል ብቻ ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ፊቴ ይቃጠል ነበር። እዚህም ቢሆን ያው ነው፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን ደጅ «እገሌ ጠመንጃ ገዛ» ከተባለ አጋዘን ያማረው ሰው ነው ብሎ የሚያስብልኝ የለም።

አዲስ አበባ እማዬ ጋ ደወልኩ። እሷ ማንንም አትፈራም።

«ውጅግራ ነበረቻ!» አለች። «ቅቤ ለኛ ሳይበቃን እሷ ትጠጣ ነበር። ሲወለውላት ይውላል።»

«አደን ይሄድባት ነበር?»

«የምን አደን? ለቅሶ ላይ ይተኩሳል፣ ሠርግ ላይ ይተኩሳል። ቀለሁንም እየለቀመ መልሶ ራሱ ነው የሚሞላው። አንዴ ጅብ ተኩሶ ስቷል።»

ማን እንደሸጣት ጠየቅኋት። ለአያቴ ለራሱ ተዝካር ነው የተሸጠችው። በሬው ተገዛ፣ ጠላው ተጠመቀ፤ ኋላ የሚተኮስ ጠፍቶ ከጎረቤት ተዋሱ። እማዬ ይሄን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው። ማን እንደገዛት አታውቅም። ቀጥላ «አንተ ግን ለምንድነው የምትጠይቀኝ?» አለች። አጋዘን ላድን አስቤ ነው አልኳት።

«በጥይት የሞተ ነገር ማን ባርኮት ነው የሚበላው?»

ኦሪት ዋላና ሚዳቋ ይፈቅዳል ብዬ ልከራከር ጀመርኩ። «አንተ መጀመሪያ ዶሮ እረድ» ብላ ዘጋችው። እውነቷን ነው። ለፋሲካ በግ ስንካፈል የኔ ሥራ እግር መያዝ ነው፤ እሱንም ፊቴን አዙሬ።

ያ አገር ሙሉ የሚንቀጠቀጥለት ዕቃ፣ እኛ ልጆቹ እንዳንነካው በስድስት ቅዱሳን የተገዘትንበት፣ እዚህ ሲመጣ ጠመንጃም አይደለም። የደን ጠባቂም የመንግሥት መዝገብም አይፈልገውም። ጥይቱም እንደ ልብ አይገኝም። በልጅጉ ደግሞ ጠመንጃ ነው፣ አንበሳም አለው፣ ኤልክም ይጥላል፤ ግን የኛ አልነበረም። እኔ ልገዛ የገባሁት የትኛውን ነበር? የትኛውንም አልነበረም፤ የገባሁት ለኤልክ ነበር መሰለኝ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «የት ልታስቀምጠው ነው?» ትንሹ ልጅ ሁሉን ነገር የሚከፍትበት ዕድሜ ላይ ነው፤ ሕጉም ልጅ ያለበት ቤት ጠመንጃ ይቆለፍ ይላል። ስለዚህ በልጅጉ ብረት ሣጥን ውስጥ፣ ሣጥኑ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በጨለማ። ውጅግራው ግን ሳሎን ሊሰቀል ይችላል አልኳት። «ከሶፋው በላይ?» አለች። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። እዚያ ያለው የሠርጋችን ፎቶ ነው።

ሌላ አልተነጋገርንም።

ሻጩ ስወጣ «እስከ ማክሰኞ ላስቀምጥልህ?» ብሎኝ እሺ ብዬው ነበር። የትኛውን እንደሆነ እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርኩት።

ይሄን ስጽፍ በረዶው ጀመረ። መጥረጊያውን ሳልገዛ ነው የተመለስኩት። ነገ ሌሊት ቅዳሴ ስንሄድ አንድ እጄን በመስኮት አውጥቼ መስተዋቱን በፎጣ እየጠረግሁ እነዳለሁ ማለት ነው።